ጠብንጃና ትልቅ አውሬ፦ ከሐረር በሮች እስከ ጨርጨር ደጋ

ለትልቅ አውሬ አደን ጠብንጃ የሚመርጥ ሰው ምርጫውን ከእንስሳው ይጀምራል። የእንስሳው ክብደት፣ የቆዳውና የአጥንቱ ውፍረት፣ በስንት ሜትር ርቀት ላይ ሊገኝ እንደሚችል ከታወቀ በኋላ የአረሩ ክብደትና ፍጥነት ይወሰናል። የጠብንጃው ዓይነት የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ በመጨረሻም የተኳሹ ትከሻ ያንን ጠብንጃ ይችለው እንደሆነ ይታያል። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ፣ ሰው የወደደውን ወይም በእጁ የገባውን ጠብንጃ ይዞ ዱር ሲገባ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው ቆስሎ በሚያመልጠው እንስሳ ላይ ነው። ሆዱን ተመትቶ የጠፋ አጋዘን ሲማቅቅ ሰንብቶ ይሞታል። ቆስሎ ጥሻ የገባ ጎሽ ወይም አንበሳ ደግሞ ዱካውን ተከትሎ በሚመጣው ሰው ላይ ይነሣል።

ሐረር ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የምታስተምር ከተማ ናት። በ1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ በምዕራብ ወደ ጨርጨር ደጋ፣ በደቡብና በምሥራቅ ወደ ጎበሌና ኤረር ሸለቆዎች፣ ከእነሱም ወዲያ ወደ ጅጅጋ ሜዳ ታወጣለች። ደጋው የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ አገር ነው። በቆላው አጋዘን፣ አምባራይሌ፣ ሳላና ከርከሮ ይኖራሉ፤ በሸለቆዎቹ ዝሆንና አንበሳ፣ በሜዳው ደግሞ በአንድ ወቅት የቆርኬ መንጋ ነበር። ከአምሳ ኪሎ ድኩላ እስከ አምስት ሺህ ኪሎ ዝሆን የሚደርሰው ይህ ሁሉ እንስሳ በጥቂት ቀን የበቅሎ መንገድ ውስጥ ይገኝ ስለነበር ለአንዱ የሚበቃ ጠብንጃ ለሌላው ያንሳል፣ ወይም ይበዛበታል። በዚያ ላይ ከተማዋ ራሷ ለረጅም ጊዜ የጠብንጃ መግቢያ በር ነበረች።

ግብፆች በራኡፍ ፓሻ መሪነት በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙ ወታደሮቻቸው የታጠቁት ረሚንግተን ነበር፤ የአሜሪካ ፈጠራ የሆነ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ 11 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ወፍራም አረር የሚተኩስ ጠብንጃ። በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲወጡ የመሣሪያው ከፊል በሐረሩ አሚር በአብዱላሂ ጭፍሮች እጅ ቀረ። ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ አሚሩን ድል አድርገው ከተማዋን ለደጃዝማች መኮንን ከሰጡ በኋላ ደግሞ ሐረር ከዘይላ፣ ከታጁራና ከጅቡቲ ወደብ ለሚነሣው ሲራራ ዋና ማረፊያ ሆነች። ቡና፣ ቆዳ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጠብንጃና ጥይት ወደ መሀል አገር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር ድሬዳዋ እስኪደርስ ድረስ ከባሕሩ የሚመጣው ነጋዴና አዳኝ አብዛኛው በከተማዋ ግንብ፣ በጁገል፣ በሮች ያልፍ ነበር።

ከእነዚህ ነጋዴዎች ስሙ ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። ራምቦ ሁለት ሺህ ገደማ ጠብንጃ በታጁራ በኩል ጭኖ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ገባና ለምኒልክ ሸጠ፤ የሒሳቡን ክፍያ የተቀበለው ግን ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኮንን ነው። ለቤተሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ዕቃው አልደበቀም፦ ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ፣ በካፕሱል የሚተኮሱ ያረጁ ጠብንጃዎች መሆናቸውን፣ በአውሮፓ ከ7 እስከ 8 ፍራንክ እንደሚገዙና እዚህ 40 ፍራንክ ገደማ እንደሚያወጡ ዘርዝሯል። በዚያን ጊዜ ለሐበሻ ገበያ የሚቀርበው መሣሪያ ምን ዓይነት እንደነበር ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

አሮጌ ጠብንጃ እንደ ጎርፍ የመጣበት ምክንያት በአውሮፓ የተደረገ የባሩድ ለውጥ ነው። ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ የማያወጣ ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የፈረንሳይ ጦር በዚሁ ባሩድ የሚተኩሰውን፣ እኛ አገር ለበን የተባለውን ባለ8 ሚሊሜትር ጠብንጃ ታጠቀ። የቀሩት መንግሥታትም ማንም እንዳይቀድማቸው እየተጣደፉ መሣሪያቸውን ለወጡ። የተጣለው ውጅግራ፣ ሰናድርና የጣሊያን ቬተርሊ ገዢ የሚያገኘው በቀይ ባሕር ዳርቻ ነበር። ለጦርነት እነዚህ ጠብንጃዎች ከበቂ በላይ ነበሩ፤ አድዋ ላይም ታይቷል። ለአደን ግን ሌላ ጣጣ ነበራቸው።

ውጅግራን እንውሰድ። 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ፍጥነት ያስወነጭፋል። መቶ ሜትር ላይ በትክክል እንዲመታ የተስተካከለ ውጅግራ ሁለት መቶ ሜትር ላይ አረሩ ከታለመበት ከግማሽ ሜትር በላይ ወርዶ ያርፋል፤ ይህ ማለት የሳላን ልብ ያነጣጠረ ሰው እግሩን ይመታል፣ ወይም ጭራሽ ይስታል። ጥቁሩ ባሩድ የሚያወጣው ጭስ ተኳሹን ስለሚጋርደው እንስሳው መመታቱንም ሆነ በየት በኩል እንደሸሸ ወዲያው አያይም። ለስላሳው እርሳስ በዝሆን ራስ ቅል ላይ ይጠፈጠፋል እንጂ እስከ አንጎሉ ሰንጥቆ አይገባም። ስለዚህ አዳኙ በጣም ቀርቦ፣ ብዙ ሆኖ፣ ደጋግሞ መተኮስ ነበረበት። ዝሆን መግደል ጀግንነት ተቆጥሮ ለገዳዩ ማዕረግ የሚያሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን ከአንዱ ከወደቀው ዝሆን ጀርባ አረር ተሸክመው የሄዱ ሌሎች መኖራቸው መረሳት የለበትም።

አዲሱ ባሩድ ያመጣውን ልዩነት ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። አንድ አረር የሚሸከመው ጉልበት በጁል ይለካል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ያድጋል። የውጅግራ አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ 2,500 ጁል ገደማ ይዞ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ ለአደን ከሚያገለግሉት አንዱ የሆነው ባለ30-06 ደግሞ ከ12 ግራም ያነሰ አረር በሴኮንድ 820 ሜትር ይተኩሳል፤ ጉልበቱ ወደ 3,900 ጁል ይደርሳል። አረሩ በክብደት ከግማሽ በታች ሆኖ በጉልበት አንድ ተኩል እጥፍ በለጠ። በተጨማሪም ፈጣን ስለሆነ አካሄዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ርቀቱን በመገመት የሚመጣው ስሕተት ይቀንሳል። ለእንስሳው የሚጠቅመውም ይኸኛው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሮቹ ማወቅ ይበጃል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ልማድ የጥይት ስም ብዙውን ጊዜ የአረሩን ውፍረት በኢንች ክፋይ ያመለክታል። 30 ማለት 7.62 ሚሊሜትር ገደማ፣ 375 ማለት 9.5 ሚሊሜትር ነው፤ 30-06 ላይ ያለው 06 የአሜሪካ ጦር ጥይቱን የተቀበለበት ዓመት፣ 1906፣ ነው። በአውሮፓ ልማድ ግን 7 በ57 ሲባል የመጀመሪያው የአረሩ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት በሚሊሜትር ነው። ተመሳሳይ ውፍረት ያላቸው ሁለት ጥይቶች በቀለሁ ርዝመትና በባሩዱ መጠን እጅግ ሊራራቁ ስለሚችሉ የአፈሙዝ ስፋትን ብቻ ሰምቶ መግዛት ያሳስታል።

የሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ አዳኞች ለየእንስሳው የሚስማማ ጠብንጃ የመምረጥን ችግር የፈቱት ብዙ ጠብንጃ በማስጫን ነበር። እንግሊዛዊው ፐርሲ ፓወል ኮተን እ.ኤ.አ. በ1899 መጨረሻ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ገባና የአዋሽን በረሃ አልፎ እስከ ሰሜን ተራሮች ዘለቀ፤ እዚያም ዋልያ ገደለ። በአንድ ጉዞ በበረሃው የሜዳ ፍየል፣ በገደሉ ዋልያ የሚያጋጥመው ሰው አንድ ጠብንጃ አይበቃውም ተብሎ ይታሰብ ስለነበር የዘመኑ ልማድ ሦስት መያዝ ነበር፦ ለሩቅ ቀጭን አረር የሚተኩስ፣ ለመካከለኛ እንስሳ የሚሆን፣ ለዝሆንና ለጎሽ ደግሞ ባለሁለት አፍ ከባድ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ የያዘውም ይህንኑ ነበር፦ ስፕሪንግፊልድ፣ ባለ405 ዊንቸስተርና የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ባለሁለት አፍ። ተሸካሚና በቅሎ ለሌለው የዛሬ አዳኝ ይህ ሁሉ ሸክም ነው፤ ከሁለት በላይ ጠብንጃ መያዝም አስፈላጊ አይደለም።

ከባድ ጠብንጃ ብቻውን ዝሆን እንደማይገድል ያስመሰከረው ስኮትላንዳዊው ዎልተር ቤል ነው። ቤል በኡጋንዳው ካራሞጃና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍ ጭምር ያደነ፣ በዕድሜው ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን የገደለ ሰው ነው፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን የጣለው 7 በ57 በሆነ፣ ለድኩላና ለአጋዘን በሚበቃ ቀጭን ጥይት ነበር። ምስጢሩ ሁለት ነው። አረሩ ረጅም፣ ቀጭንና ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ስለነበር ሳይጠፈጠፍ አጥንት ሰንጥቆ ይገባል። ቤልም የዝሆንን ራስ ቅል ለሁለት አስከፍሎ አንጎሉ የት እንደሚገኝ ከየአቅጣጫው አጥንቷል። የእሱን ዘዴ መኮረጅ ግን ለማንም አይመከርም። የነርቩ ርጋታና የዓይኑ ጥራት የሌለው ሰው ያንኑ ጠብንጃ ቢይዝ ራሱንም እንስሳውንም ይጎዳል፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮችም ዛሬ ለአደገኛ አውሬ ከ375 በታች መጠቀም በሕግ የተከለከለ ነው።

ወደ ሐረር አካባቢ እንስሳት ስንመለስ በቆላው ያለው አዳኝ የሚገጥመው የግራርና የቁጥቋጦ አገር ነው። አምባራይሌ ከ60 እስከ 105 ኪሎ፣ ሳላ ከ150 እስከ 210 ኪሎ ይመዝናሉ። ተኩሱ ብዙውን ጊዜ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ነው፤ በሜዳማው ላይ ሊረዝም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው 270 ዊንቸስተር፣ በ1952 የወጣው 308 ዊንቸስተር ወይም የቤል 7 በ57 ለእነዚህ ሁሉ ይበቃሉ። ሳላ ግን ከመጠኑ በላይ ጠንካራ እንስሳ ስለሆነ ቀላሉን ሳይሆን ከበድ ያለውን አረር መምረጥ ይሻላል። ትልቁ የቆላ አጋዘን፣ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ የሚደርሰው ባለጠመዝማዛ ቀንድ፣ ከእነዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ ለእሱ 30-06 ከ11 እስከ 13 ግራም አረር ጋር ሲሆን ተገቢ ነው።

የደጋ አጋዘን ጉዳይ ለየት ይላል፤ ጊዜ ሰጥቶ ማየትም ያስፈልጋል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ሻለቃ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ካለው ተራራ ገድሎ ወደ ለንደን እስኪልከው ድረስ የውጭው ሳይንስ አያውቀውም ነበር። መኖሪያው የባሌና የአርሲ ደጋ፣ በምሥራቅ ደግሞ የጨርጨር ተራሮች ናቸው፤ በምዕራብ ሐረርጌ የኩኒ ሙክታር መጠለያ የተከለለው ለእሱ ነው። ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፣ በክብደቱ በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ከሚታደነው ኤልክ ብዙ አያንስም። የሚገኝበትም አኳኋን ይመሳሰላል፦ ጧት በጉም ውስጥ ከጥድና ከኮሶ ጫካ ወጥቶ፣ በአስታ ቁጥቋጦ መካከል፣ ከሸለቆ ማዶ ለጥቂት ደቂቃ ይታያል።

አሜሪካውያን ስለ ኤልክ ጠብንጃ ለብዙ ዓመታት ያደረጉት ክርክር ስለዚህ ለደጋ አጋዘንም ይሠራል። ጃክ ኦኮነር የተባለው ጸሐፊ ለቀጭኑና ለፈጣኑ 270 ጥብቅና ቆመ፤ ጥሩ ተኳሽ ትክክለኛው ቦታ ላይ እስካሳረፈው ድረስ ይበቃል አለ። ኤልመር ኪዝ በበኩሉ ወፍራምና ከባድ አረር ብቻ ነው የሚያስተማምነው ብሎ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ተከራከረ። ሁለቱም ብዙ እንስሳ ያደኑ ሰዎች ስለነበሩ ማንኛቸውንም ማጣጣል አይቻልም። ክርክሩ የሚያስተምረው ነገር ቢኖር ኦኮነር ሁሉ ነገር በተሳካለት ቀን ስለሚተኩስ ሰው፣ ኪዝ ደግሞ ነገሩ እንዳሰበው ስላልሆነለት ሰው ይናገሩ እንደነበር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ልቡ የሚመታ፣ እጁ በብርድ የደነዘዘ አዳኝ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ሰው ነው። ለደጋ አጋዘን 30-06፣ 7 ሚሊሜትር ረሚንግተን ማግነም ወይም 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚመከረው ለዚህ ነው፤ የመጨረሻው 4,700 ጁል ገደማ ይሸከማል፣ በርቀትም ጉልበቱን ቶሎ አይጥልም። ይሁንና ትከሻን በኃይል ስለሚመታ ልምድ ለሌለው ሰው 30-06 ይሻለዋል።

የተራራ ተኩስ የራሱ ሕግ አለው። ሁለት መቶ ሜትር ላይ የተስተካከለ 30-06 ሦስት መቶ ሜትር ላይ 25 ሴንቲሜትር ገደማ ወርዶ ይመታል፤ አራት መቶ ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። የደጋ አጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ የሚተኮሰው ተኩስ ለአብዛኛው ሰው ቁማር ነው፤ ቀርቦ መተኮስ ካልተቻለ መተው ይገባል። ሽቅብም ሆነ ቁልቁል ሲተኮስ ደግሞ የመሬት ስበት በአረሩ ላይ የሚሠራው በአግድሙ ርቀት ልክ ብቻ ነው። በሦስት መቶ ሜትር ርቀት ላይ፣ ተዳፋቱ 45 ዲግሪ ቢሆን፣ አግድሙ ርቀት ሁለት መቶ አሥር ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው አሳልፎ ከእንስሳው ጀርባ በላይ ይተኩሳል። የደጋው ስስ አየርም አረሩን ከቆላው ባነሰ ስለሚይዘው ጠብንጃው በዚያው ከፍታ ላይ ቢፈተሽ ይመረጣል።

ጎሽ፣ አንበሳና ዝሆን ወደ ሌላ ሚዛን ይወስዱናል። የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው 375 ማግነም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አሁንም የሚተካው አላገኘም። 19 ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 770 ሜትር ይተኩሳል፤ 5,700 ጁል ገደማ ማለት ነው። ለጎሽ አያንስም፣ ለአጋዘንም ሥጋ ሳያበላሽ ያገለግላል፣ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ድረስም አካሄዱ ከ30-06 ብዙ አይርቅም። አፍሪካን በአንድ ጠብንጃ መዞር የሚፈልግ ሰው ሌላ መፈለግ አያስፈልገውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው 416 ሪግቢና በ1956 የወጣው 458 ዊንቸስተር ከዚህ ይከብዳሉ፤ ዋና ቦታቸውም ቆስሎ የሚመጣ አውሬን በቅርብ ማቆም ያለበት የአደን መሪ እጅ ነው።

ከጠብንጃው ይልቅ ሰው ቸል የሚለው አረሩን ነው፤ ቆስሎ ለሚጠፋ እንስሳ ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው። የወታደር ጥይት አረር ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነ በመሆኑ ሥጋ ውስጥ ሳይሰፋ አልፎ ይወጣል፤ የሚተወው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ እንስሳው ብዙ ሮጦ ይጠፋል። ለአጋዘን፣ ለሳላና ለድኩላ ጫፉ ለስላሳ ሆኖ ሥጋ ሲነካ እንደ እንጉዳይ የሚሰፋ አረር ያስፈልጋል። ለዝሆን ግን በተቃራኒው የማይሰፋ፣ ጠንካራ አረር ነው የሚያስፈልገው። ለጎሽ መጀመሪያ የሚሰፋ፣ ቀጥሎ ጠንካራ የሚያጎርሱ ብዙዎች ናቸው። በገጠሩ በብዛት ያለው ክላሽንኮቭ በሁለቱም በኩል አይሆንም፤ ጉልበቱ 2,000 ጁል ገደማ ብቻ ነው፣ ከአሮጌው ውጅግራ እንኳ ያንሳል፣ አረሩም የወታደር ነው። በክላሽ የሚታደን አጋዘን ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ከብዙ ጥይትና ከብዙ ስቃይ በኋላ ነው።

የጠብንጃውን አሠራር በተመለከተ በእጅ ተስቦ የሚያጎርሰው፣ ጀርመናዊው ፖል ማውዘር እ.ኤ.አ. በ1898 የደረሰበት ዓይነት፣ እስካሁን የአዳኞች ተመራጭ ነው። ትልልቅ ጥርሶቹ ጥይቱን ከኋላ አጥብቀው ይይዛሉ፤ ሰፊው መንጠቆ ደግሞ ቀለሁን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጨብጦ ስለሚያወጣው በአቧራና በጭንቀት ጊዜ እንኳ እምብዛም አይጣበቅም። ክብደቱ ከማንገቻውና ከመነጽሩ ጋር አራት ኪሎ አካባቢ ቢሆን ለተራራ ይመቻል፤ ከዚያ በታች የቀለለ ጠብንጃ ሲተኮስ ይራገጣል። ከእንጨት የተሠራ ሰደፍ ውበት አለው፣ በደጋው እርጥበት ግን ሊያብጥ ስለሚችል ዛሬ ብዙዎች ከፋይበር የተሠራውን ይመርጣሉ። ማነጣጠሪያ መነጽሩ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ የሚያቀርብ ከሆነ ለሁሉም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው በጥሻ ውስጥ እንስሳውን ለማግኘት ያስቸግራል። ለጠብንጃው የሚወጣውን ያህል ለመነጽሩ ማውጣት ብክነት አይደለም፤ ጧትና ማታ በደብዛዛ ብርሃን ቀንዱን ከቅርንጫፍ የሚለየው እሱ ነው።

ትከሻው መጨረሻ ላይ ይመጣል እንጂ ቀላል ነገር አይደለም። 375 ከ30-06 እጥፍ ገደማ በሚሆን ኃይል ወደ ኋላ ይመታል። ይህን የሚፈራ ሰው ቃታ ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፈሙዙን ያንቀጠቅጣል፣ ይስታል። ሳይፈሩ የሚተኩሱት 270፣ እየፈሩ ከሚተኩሱት 375 ይበልጣል። ልምምዱም በጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ብቻ መሆን የለበትም፤ በዱር ውስጥ ጠረጴዛ ስለሌለ ተቀምጦ፣ ተንበርክኮ፣ በበትር ተደግፎ መተኮስ መለመድ አለበት። በአውሮፕላንና በኮረኮንች መንገድ የመጣ ጠብንጃ መነጽሩ ሊዛባ ስለሚችል አደን ከመጀመሩ በፊት በሰፈሩ ሁለት ሦስት ጥይት ተተኩሶ ይረጋገጣል። ይህን ለማድረግ የሰነፈ አዳኝ ሌላው ሁሉ ዝግጅቱ ከንቱ ነው።

በኢትዮጵያ ከጠብንጃው በፊት ፈቃዱ ይቀድማል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2000 ማን፣ ምን፣ የት ማደን እንደሚችል ይወስናሉ፤ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። መሣሪያው ራሱ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል። የደጋ አጋዘን የሚታደነው በተከለሉ የአደን ቀጣናዎች፣ በኮታ ብቻ ነው፤ እንስሳው በዓለም አቀፍ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ስለተመዘገበ ያለ ፈቃድ የሚተኮስበት እያንዳንዱ ጥይት ከማይተካ ሀብት ላይ የሚቀነስ ነው። ከጅጅጋ ሜዳ ምን እንደጠፋ ማስታወስ ይገባል፦ ስዌይን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዚያ አካባቢ በመንጋ ያያቸው፣ በስሙም የተጠሩት ቆርኬዎች በከብት በሽታና በጠብንጃ ብዛት ከምሥራቁ ጨርሰው ጠፍተው ዛሬ በዋናነት በሰንቀሌና በማዜ ተወስነዋል።

ከሐረር በስተደቡብና በስተምሥራቅ ባሉት ሸለቆዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ተቋቁሟል። በጎበሌና በኤረር ወንዞች ዙሪያ የሚኖሩት ዝሆኖች ከቀሩት የአፍሪካ ዝሆኖች ርቀው በአፍሪካ ቀንድ የቀሩ ናቸው፤ ቁጥራቸው በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው፤ የሰፈራ መስፋፋትና የጥርስ አደን አሁንም ያሳድዳቸዋል። በመጠለያው ማደን ክልክል ነው፤ ለባቢሌ ዝሆን የሚመረጥ ጠብንጃ የለም። ዝሆኖቹን ማየት የሚፈልግ ሰው ከመጠለያው ስካውቶች ጋር፣ መነጽርና ካሜራ ይዞ፣ በነፋሱ ታች በኩል ይሂድ፤ የተተኮሰ ጥይት የሰማ ወይም የዝሆን ጥርስ ሲሸጥ ያየ ሰውም ለመጠለያው ጽሕፈት ቤት ወይም ለቅርብ ፖሊስ ያመልክት።